ሰም ውስጥ የተኛው ቆዳ

በዚያ ላቦራቶሪ ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም። ሁሉም «ምላጭ» ነው የሚላት። ቅጽሉ ለምላሷ የወጣላት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ምላሷም ቢሆን የዋዛ አይደለም። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ከሕመምተኛ ገላ የተወሰደች ቁራጭ ሰም ውስጥ ገብታ ስትጠጥር፣ ምላጭ በማሽኗ ከጸጉር የሳሳ አድርጋ ትገፍፋታለች። የተገፈፈችው ለብ ባለ ውሃ ላይ ስትንሳፈፍ በመስታወት ቀለብ ታደርጋትና ቀለም ነክራ ለሐኪሙ ታቀርባለች። አሥራ ሁለት ዓመት ይህን ስትሠራ አንድም ቁራጭ ተበላሽቶባት አያውቅም። ይህንንም ለማያውቅ ሰው ከመንገር ቦዝና አታውቅም።

ታላቅ እህቷ፣ እትዬ የምትላት፣ ልብስ ሰፊ ናት። እጀ ወርቅ ናት። ደንበኛ ገና በሩን ሳይዘጋ ትከሻውን በዓይኗ ለክታ ትጨርሳለች። ጨዋታዋማ ጥርስ አያስከድንም፤ ልብስ ሊያሰፋ የመጣ ሰው ወንበር ስቦ ቁጭ ብሎ ይቀራል። ዓመት ሊሞላው ነው፣ መጀመሪያ ጣቶቿ ብርድ ሲነካቸው ነጭ መሆን ጀመሩ። ቀጥሎ አበጡ። ከዚያ ቆዳቸው ተወጠረና ያብለጨልጭ ጀመር። አሁን ጡጫ መጨበጥ አትችልም፤ ከንፈሯም ሳስቶ አፏ ከመጥበቡ የተነሳ ማንኪያ በግድ ነው የሚገባላት። ታዲያ ሥራ አቆመች? መርፌውን ቡሽ ላይ ሰክታ ቡሹን ይዛ ትሰፋለች። መቀሱ እንቢ ሲላት ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ በክንዷ ትጫነዋለች። እጅጌው ግን ያው ነው፤ አንዲት ዝንፍ የለችበትም። ምላጭ ይህን ባየች ቁጥር እንዲህ ካለች ሴት ጋር ካንድ ማህፀን መውጣቷ ያኮራታል፣ አንጀቷንም ይበላታል።

የቆዳ ሐኪሙ ቆዳን የሚያጠጥር በሽታ ነው ብሎ ጠርጥሯል። «መድኃኒቱ ከባድ ስለሆነ በጥርጣሬ አልሰጥም፤ ናሙናው ይንገረን» አለና አንድ ጀማሪ ሐኪም ከእትዬ ክንድ የምስር ፍሬ የምታህል ቆዳ እንዲቆርጥ አዘዘ። ቁራጯ በቀጥታ እነ ምላጭ ዘንድ መጣች።

ናሙናዎቹን በማይክሮስኮፕ የሚያነቡትን ሽማግሌ ሐኪም ሁሉም «ጋሼ» ይላቸዋል። ዕቃው ላይ ያለውን ስም ሲያዩ «የሥጋ ዘመድ ናሙና በገዛ እጅ አይሠራም። ለሌላ ሰው ስጪው» አሏት።

«የእትዬን ቆዳማ ከኔ በቀር ማንም አይነካውም!» አለች ምላጭ። ተከራከረች፣ አኮረፈች፣ በመጨረሻ አሸነፈች።

እንግዲህ ጉዱ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ቆዳ ሰም ውስጥ የሚገባው ቆሞ ነው። መደርደሪያ ላይ እንደሚቆም መጽሐፍ መቆም አለበት፤ ያን ጊዜ ምላጩ ከላይኛው ገጽ እስከ ታችኛው ስብ ያለውን ሁሉ ባንድ ጊዜ ያሳያል። ከተኛ ግን የሚታየው ሽፋኑ ብቻ ነው። ይህን የመጀመሪያ ቀን የገባ ተለማማጅ ያውቀዋል። የምላጭን ዓይን ግን ያን ቀን እንባ ሞላው። ቁራጯን ፊቷን ወደ ታች ደፍታ አስተኛቻት። ሰሙ ጠጠረ፣ እሷም ልብ ሳትለው ቆረጠች።

ጋሼ አይተው «በሚታየው የላይኛው ክፍል የተለየ ነገር የለም፤ ጥልቁ ክፍል አልደረሰንም» ብለው ጻፉ። ከዚያም ስልክ አንስተው ያንን ጀማሪ ሐኪም ልክ ልኩን ነገሩት። «ቁረጥ ስትባል ጫር ጫር አድርገህ ነው እንዴ የምትልክ?» ልጁም ጥፋቱ የራሱ መስሎት ይቅርታ ጠየቀ። የቆዳ ሐኪሙ ደግሞ ለእትዬ «ለጊዜው መድኃኒት የለም፤ ቁስሉ ሲድን እንደገና እንቆርጣለን» አላት። ችግሩ እንዲህ ያለ ቆዳ ቶሎ አለመዳኑ ነው። አምስተኛ ሳምንቱን ያዘ፣ ቁስሉ አልገጠመም። ጣቶቿ ግን ቁስሉን አልጠበቁም፤ በየሳምንቱ ይበልጥ ይታጠፉ ነበር።

ምላጭ ነገሩን ያወቀችው አንድ ቀን ከምሳ በኋላ የሰም ቁራጮቹን በመሳቢያ ስትደረድር ነው። የሌላው ሰው ቆዳ ሁሉ ሰሙ ውስጥ ቀጭን መስመር ሆኖ ይታያል። የእትዬ ክብ ነበረች። መሳቢያውን መልሳ ዘጋችው። እዚያው ሮጣ ተናዘዘች ብል ውሸት ይሆንብኛል። ሁለት ቀን ሙሉ አፏን ይዛ ዋለች። ወቀሳውን ሌላው በልቶላታል፣ የጠረጠራት የለም፣ አሥራ ሁለት ዓመት የሠራችው ስምም እንዳለ ነው።

በሦስተኛው ቀን ከሥራ ስትወጣ እግሯ እህቷ ሱቅ ወሰዳት። እትዬ አንገትጌ እየተረተረች ነበር።

«እትዬ፣ ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

«ምኑን?»

«ቆዳሽን። መቆም ሲገባው አስተኝቼ ቆረጥኩት። ልጁ ምንም አላጠፋም።» ቀሪውን በለቅሶ ጨረሰችው።

እትዬ እስክትጨርስ ጠበቀቻት። ከዚያ እንደ ሥራዋ ጠየቀች። «ጨርቁ አልቋል?»

«አላለቀም። የተገፈፈው ላይ ላዩ ነው፤ የውስጡ እዚያው ሰሙ ውስጥ አለ። ሰሙን አቅልጦ ቆዳውን ማቆም ይቻላል፤ ግን ትንሽ ስለሆነ ዕድሉ አንድ ጊዜ ብቻ ነው።»

«ታዲያ ምን ያነፋርቅሻል? እኔ ለሙሽራ ሁለት ግራ እጅጌ ሰፍቼ አውቃለሁ። ሙሽራዋ እዚህ ቆማ እያየች! ምን አደረግኩ? ቁጭ ብዬ ተረተርኩት።» ከንፈሯ ባይዘረጋም ዓይኖቿ ሳቁ። «በይ ይሄን ጫፍ ያዥልኝ። ደግሞ ነገ መጀመሪያ የልጁን ስም አጥሪለት። ሰው ባልሠራው አይሰደብም።»

ምላጭ ጫፉን ይዛ ቆመች። እህቷ ስለ ክንዷም፣ ስላለፈው አምስት ሳምንትም አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ምላጭ ልትወቀስ ተዘጋጅታ ነበር የመጣችው፤ ይሄ ደግሞ ከወቀሳው ባሰባት። በልቧ «እኔ ብሆን እንዲህ አልሆንም ነበር» አለች፤ ደግሞም እውነቷን ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሰሙን ጋሼ ፊት አስቀመጠችና ሁሉንም ነገረቻቸው። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ክቧን ነጥብ ብዙ ጊዜ አዩ።

«መስታወቱ ላይ ክብ ሆኖ ሳየው መጠርጠር ነበረብኝ» አሉ በመጨረሻ። «አንቺን ማመን ለምዶብኝ ያላጠፋ ሰው ሰደብኩ።» ስልኩን አንስተው ልጁን ይቅርታ ጠየቁት። ሽማግሌ ሰው ጀማሪን ይቅርታ ሲጠይቅ ምላጭ በዚያ ቤት ሰምታ አታውቅም። ስልኩን ሲዘጉ «በይ ቁረጪው» አሏት።

«ለሌላ ሰው ልስጠው፣ ጋሼ።»

«ያኔ ስጪ ስልሽ እንቢ አልሽ። ዛሬ እንቢ የማለት ተራው የኔ ነው። ይቺ ቁራጭ ሁለተኛ ዕድል የላትም፣ ካንቺ የተሻለ እጅም እዚህ ቤት የለም።»

ሰሙን አቀለጠች። ቁራጯን በወረንጦ አንስታ አቆመቻት፤ ሰሙ እስኪጠጥርም ወረንጦውን አልለቀቀችም። ማሽኑ ላይ ከማስቀመጧ በፊት ሰሙን አዙራ አየችው። ቁራጯ ቀጭን መስመር ሆናለች። ገፈፈች፣ ውሃው ላይ ጣለች፣ በመስታወት አነሳች፣ ቀለም ነከረች። ከጋሼ በፊት ራሷ በማይክሮስኮፑ አየች።

ከላይ እስከ ታች ሰማያዊ ነበር። ዳር እስከ ዳር የተጠቀጠቀ፣ ወፍራም፣ ቀጥ ብሎ የተደረደረ ሰማያዊ፤ ስቡ የነበረበትን ቦታ ሳይቀር ወስዷል። በሥራ ዘመኗ እንዲህ ጥርት ብሎ የወጣ ቁራጭ ቆርጣ አታውቅም። ውብ ነው አለች በልቧ፤ የማን ቆዳ እንደሆነ ሲታወሳት ደግሞ በራሷ አፈረች። ጋሼ አይተው ብዕራቸውን አነሱ።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ተጠርታ መጣች። ጋሼ ከወንበራቸው ተነሥተው አስቀመጧት። መጀመሪያ በአንድ ዓይኗ፣ ቀጥሎ በሁለቱም አየች።

«ይሄ ሰማያዊው ምንድን ነው?»

«ቆዳን አንድ ላይ የሚይዘው ክር ነው፤ ኮላጅን ይሉታል» አለቻት ምላጭ። «ደህና ሲሆን ላላ ብሎ ወዲያና ወዲህ ተጠላልፎ ነው የሚተኛው። ለዚህ ነው ቆዳ ሲስቡት ተስቦ የሚመለሰው። ያንቺን የሚሠሩት ሕዋሳት ግን ማቆም አቃታቸው። ክሩ ወፈረ፣ ተጠቀጠቀ። እነዚህን ታያለሽ? ላብ የሚያመነጩት ናቸው፤ አንቋቸዋል።»

«አሠራሩስ ጥንቅቅ ያለ ነው» አለች እትዬ ዓይኗን ሳታነሣ። «ለባሹ እንደሚንቀሳቀስ ረሱት እንጂ።»

ጋሼ ሳቁ። እትዬ ግን አልሳቀችም። ቀና ብላ ጠየቀቻቸው። «ዶክተር፣ እንግዲህ ይሄ በእውነት ያለ ነገር ነው?»

«ያለ ነገር ነው። አሁን በዓይንዎ አዩት። ወረቀቱን ፈርሜያለሁ፤ ነገ መድኃኒቱን ይጀምራሉ። የታጠፈውን ሁሉ ይዘረጋል ብዬ አልዋሽዎትም። ገና ያልታጠፈውን ግን ሊያቆምልን ይችላል።»

እትዬ ቀኝ እጇን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችና በግራዋ ቀስ ብላ ዳሰሰችው። ለእህቷ ስህተት አንዲት ክፉ ቃል ያላወጣችው ሴት ለገዛ እጇ ምሕረት እንዳልነበራት ምላጭ ያወቀችው ያን ጊዜ ነው።

«ዓመት ሙሉ ሰነፍክ፣ ለገምክ፣ ሥራ ጠላህ እያልኩ ስሰድብህ ኖርኩ» አለችው እጇን። «ይቅር በለኝ።»