እንዳልሰማች

ልብስ ሰፊዋ የገጠሩን ቋንቋ አጣርታ ትሰማለች። ይህን ግን ማንም አያውቅም፤ የገዛ ልጇ እንኳ። የገጠር ሴቶች ልብስ ሲያስለኩ ፊት ለፊት ያሞግሷትና በቋንቋቸው፣ "እጅጌው ጠቧል፣ ደግሞ ኩርፊያዋ" ይባባላሉ። እሷ ስፒል በጥርሷ ነክሳ ምንም እንዳልገባው ሰው ፈገግ ትላለች። በማግስቱ እጅጌውን ሰፋ አድርጋ ስትሰጣቸው "እጇ ይባረክ" ብለው ይሄዳሉ። ሰው እውነቱን የሚናገረው የሚሰማው የሌለ ሲመስለው ነው ብላ የደመደመችው በዚህ ነው።

ልጇ የገጠር ሰው አግብታ ወንድ ልጅ ወለደች። የባሏ እናት አራሷን ልትጠብቅ መጣች። የገጠሯ አያት የከተማውን ቋንቋ ጨርሳ አታውቅም፤ ስለዚህ ልጅቷ በሁለቱ አያቶች መካከል ስትተረጉም ትውላለች። ልብስ ሰፊዋም ቁጭ ብላ ታስተረጉማለች። አይ እሷ!

ከዚያ ከተማውና ዙሪያው ያለው ገጠር ተኳረፉ። ኩርፊያው ዱላ ሆነ፣ ሱቅ ተቃጠለ፣ ጎረቤት ጎረቤቱን "ይሄ ደግሞ የማን ወገን ነው?" እያለ በጎን ያየው ጀመር። የሕፃኑ አባት ገጠር እንደሄደ መመለሻ አጣ። ሰፈርተኛው የሕፃኑን አባት ማንነት ያውቃል፤ መንገዱም ዛሬ ነገ ይዘጋል እየተባለ ነው።

የገጠሯ አያት በየቀኑ ስፌት ክፍሉ ገብታ፣ ከቁርጥራጭ ጨርቁ አጠገብ ተቀምጣ፣ ስልክ ትደውላለች። ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን ፔዳል ገታ ታደርግና ጆሮዋን ታቆማለች።

"ሐሙስ መኪና ላኩ። ሕፃኑንም እናቱንም አወጣለሁ። ለልብስ ሰፊዋም የኔን ክፍል አጽዱላት፤ የስፌት መኪናዋን ጭነን እንመጣለን።"

ልብስ ሰፊዋ ክሩን በጥርሷ በጥሳ በልቧ አሰበች። ለስፌት መኪናዬም ቋምጠዋል! ልጄን ወስደው፣ የልጅ ልጄን ወስደው፣ እኔን በሰው አገር አስቀምጠው የእነሱን እጅ ሊያሳዩኝ። ደግሞ ክፍሌን ትላለች፣ ማን ክፍሏን ለባዳ ይለቃል?

ረቡዕ ልጇ በደስታ፣ "እማዬ፣ ነገ ሁላችንንም የሚያወጣ መኪና ይመጣል" አለቻት።

"ጎሽ" አለች ልብስ ሰፊዋ።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ልጅቷና የገጠሯ አያት ጓሮ ሕፃኑን ሲያጥቡ የጭነት መኪና በር ላይ ቆመ። ሹፌሩ ሞተሩን አላጠፋም፤ ቸኩሏል። ልብስ ሰፊዋ በሩን ገርበብ አድርጋ አንገቷን ብቻ አወጣች።

"ትናንት በሌላ መኪና ሄደዋል" አለችው።

"እርግጠኛ ነዎት እናቴ? መንገዱ ሊዘጋ ነው።"

"ነገርኩህ እኮ።"

ሄደ። እሷም ሄዳ ፔዳሏን ረገጠች። ልጄን አተረፍኩ ብላ ደስ አላት፤ ደስታዋን ግን ቶሎ ቶሎ ታየው ነበር፣ የተሰፋ እንዳይተረተርበት እንደሚፈራ ሰው።

ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ሻንጣዋን ታቅፋ ስትጠብቅ ቆይታ ለባሏ ደወለች። ስልኩን ስትዘጋ ፊቷ አመድ መስሏል።

"ሹፌሩ መጥቶ ነበር። አንዲት ሴትዮ ሄደዋል አሉኝ ብሏል። ከኋላው የመውጫውን ድልድይ ዘግተውታል። ሌላ መኪና አይገባም።"

ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ከጨርቁ አላነሳችም። የገጠሯ አያት ግን መጥታ ፊት ለፊቷ ተቀመጠችና በገዛ ቋንቋዋ፣ በቀስታ ተናገረች።

"ቋንቋችንን እንደምትሰሚ የመጣሁ ቀን ነው ያወቅሁት። እኔ ስናገር መኪናሽ ዝም ይላል። ጓሮ መውጣት ስችል እዚህ አጠገብሽ ተቀምጬ የምደውለው ለምን ይመስልሻል? ፊት ለፊት ብነግርሽ አታምኚኝም። ተደብቀሽ የሰማሽውን ግን ታምኛለሽ ብዬ ነው።"

ልብስ ሰፊዋ እግሯን ከፔዳሉ አነሳች። ልጇ አንዴ እናቷን፣ አንዴ የባሏን እናት አየች።

"እማዬ፣ ትሰሚያለሽ እንዴ? ታዲያ እኔ ምን ልሁን ብዬ ነው ስተረጉም የከረምኩት?"

ሕፃኑ አለቀሰ። ከሩቅ የሰው ጩኸት ይሰማል፤ ወደዚህ ይሁን ወደዚያ አይለይም። ልብስ ሰፊዋ በዚያ ቋንቋ ይቅርታ ልትል አፏን ከፈተች። ዕድሜዋን ሙሉ ስትሰማው ኖራ አንድ ቀን ተናግራበት አታውቅም፤ ምላሷ ተሳሰረ።

"ይቅር በይኝ፣ ፈርቼ ነው" አለች በራሷ ቋንቋ።

የገጠሯ አያት ቃሉ ምን እንደሆነ እንድትነግራት ወደ ልጅቷ ዞረች። ልጅቷ ሕፃኑን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ዝም አለች።