ደጋፊ ያጣ ሐሳብ

ጠበቃው የሚኖሩበትን ቤት በአንድ ሳምንት ውስጥ ለሁለት ሰው ሸጡ። ሰኞ ለአንዱ ፈረሙ፤ ዓርብ ለሌላው። ሁለቱንም እስከ በሩ ሸኝተው መልካም ጉርብትና ተመኙላቸው። ሴት ልጃቸው ነገሩን ያወቀችው ገዢዎቹ በአንድ ጠዋት ተገጣጥመው፣ እያንዳንዱ ሌላው ተከራይ መስሎት፣ በረንዳው ላይ ስለ ጣሪያው ሲመካከሩ ስታገኛቸው ነው። ወንበር አወጣችላቸው። ከዚያ ወደምትሠራበት መድኃኒት ቤት ሄዳ፣ በእሽጎች ላይ «ከምግብ በኋላ» እያለች ስትጽፍ ዋለች። እንዲህ ባለ ጊዜ ሰው ያለቅሳል፣ አለዚያም ይቆጣል። ለእሷ ሁለቱም አልመጡላትም።

ምልክቱ ከዚያ በፊትም ነበረ። ጠበቃው በክልሉ ምክር ቤት ለረጅም ዘመን ተመራጭ ነበሩ። ከወንበራቸው ከወረዱ ብዙ ዓመት ቢሆናቸውም፣ አንዳንድ ጠዋት ከረባታቸውን አስረው ወደ ምክር ቤቱ ይሄዳሉ። የጥበቃው ኃላፊ በአክብሮት ወንበር ሰጥቶ ያስቀምጣቸውና ለልጃቸው ይደውላል። እሷም ትመጣና ስብሰባው ለሌላ ቀን መተላለፉን ትነግራቸዋለች። ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም ወይ ብለው ይጠይቃሉ። አልሞላም ትላለች። ድሮም ሰነፎች ናቸው ይሉና ተነሥተው ይከተሏታል።

ቤቱ ሁለት ጊዜ ሲሸጥ ግን ሌላ መንገድ አልቀረም። አባቷ በራሳቸው ፊርማ ንብረት ከመሸጥና ከመለወጥ በፍርድ እንዲከለከሉ፣ እሷም ሞግዚት እንድትሆንላቸው አቤቱታ አቀረበች። ፍርድ ቤቱ እሺ ካላት ሁለቱም ውል ይፈርሳል፤ እንቢ ካላት አባትና ልጅ መንገድ ላይ ይወድቃሉ። ሕጉ ደግሞ ማንም ሰው ዳኛ ፊት ቀርቦ በገዛ አንደበቱ ሳይደመጥ እንዲህ ያለ ፍርድ እንዳይፈረድበት ይከለክላል። ያን አንቀጽ ተሟግተው ያስገቡት ራሳቸው ጠበቃው ነበሩ።

ጠበቃ ላቁምልህ ብትላቸው ሳቁ። ለራሳቸው ራሳቸው እንደሚቆሙ፣ ከእሳቸው የረከሰ ጠበቃም ከተማው ውስጥ እንደማይገኝ ነገሯት። እሷ በጠበቃነት የያዘችው የቀድሞ ረዳታቸውን ነው፤ ዛሬ እሱም ሸብቷል። ስም ያወጡለት እሳቸው ናቸው፤ መዘግየቱም መድረሱም አይቀርም ብለው «ባቡሩ» ይሉታል።

እሳቸውም በምክር ቤቱ ዘመን ስም ወጥቶላቸው ነበር። በዚያ አዳራሽ ሥርዓት አንድ አባል የውሳኔ ሐሳብ ሲያቀርብ፣ ቢያንስ ሌላ አንድ ሰው «እደግፋለሁ» ካላለለት፣ ሐሳቡ ክርክር ሳይደረግበት ይወድቃል። ጠበቃው ሐሳብ አቅርቦ ብቻውን ቆሞ የቀረ ሰው ማየት አይሆንላቸውም። ወዳጅ ይሁን ባላንጣ፣ እጃቸውን አውጥተው ይደግፉለታል፤ ክርክሩ ከተከፈተ በኋላ ሐሳቡን ብትንትኑን ያወጡታል፤ በመጨረሻም የተቃውሞ ድምፅ ይሰጡበታል። «ደጋፊው» የተባሉት በዚህ ነው። ቤት ውስጥም እንደዚያው ነበሩ። ልጅቷ ሲኒማ እንሂድ ስትል እናቷ ገና ሳትቆጣ «እኔ እደግፋለሁ» ይሉና፣ ነገ ፈተና እንዳለባት ራሳቸው አስረድተው ያስቀሯታል።

በቀጠሮው ቀን ከረባታቸውን ያለ መስተዋት አሰሩ፤ ቋጠሮው አልተዛነፈም። ችሎቱ ጠባብ ክፍል ነው፤ የመስኮቱ መጋረጃ ከግማሹ ቀለበት ወልቆ ተንጠልጥሏል። ገዢዎቹ ኋላ ተቀምጠዋል፤ አሁን ግን በመካከላቸው ወንበር ትተዋል። ባቡሩ በዝግታ ተነሥቶ አቤቱታውን አሰማና ልጅቷን በምስክርነት አቆማት። እሱ ጠይቆ ሲጨርስ ጠበቃው ተነሡ።

«ሥራዎ ምንድን ነው?»

«መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው።»

ከተወለደች «እርስዎ» ብለዋት አያውቁም። የችሎት ወግ ይሁን፣ ማን መሆኗ ጠፍቷቸው ይሁን አልለየችም፤ ለመለየትም አልደከመች።

«ተሳስተው ለአንዱ በሽተኛ የሌላውን መድኃኒት ሰጥተው ያውቃሉ?»

አሰበች። «አንድ ጊዜ።»

«ታዲያ አእምሮዋ ደክሟል፣ ሞግዚት ይሾምላት ብሎ የከሰሰዎት አለ?»

«የለም።»

«አለቃዎ ምን አሉ?»

«ሁለተኛ ተጠንቀቂ አሉኝ።»

«ብልህ አለቃ ናቸው» አሉና ወደ ዳኛዋ ዞሩ። አንድን ቤት ሁለት ጊዜ የሚሸጥ ሰው ሁሉ አእምሮው የደከመ ከሆነ፣ ፍርድ ቤቱ የወንጀል ችሎቱን ዘግቶ ሐኪም ቤት ይክፈትበት ሲሉ ክፍሉ ሳቀ። ሰኞ የገዛውም ሳቀ። ዳኛዋ አንገቷን ደፍታ ጻፈች።

ጥያቄያቸው አጫጭር ነበር፤ አንዱ ሌላውን ጠርቶ ያመጣዋል። ቤቱን ያሻሻጠው ደላላ ጠዋት እንጂ ማታ እንደማይመጣ፣ ጠዋት ደግሞ እሷ ቤት እንደማትገኝ፣ ስለዚህ ሲፈርሙ እንዳላየቻቸው ከገዛ አፏ አወጡት። ወደ ቦታዋ ስትመለስ ባቡሩ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

«እየረቱን ነው፣ እህቴ።»

አውቃለች። ቢረቱ ነገ ሦስተኛ ገዢ በረንዳው ላይ ይቆማል። ቢረቱም ደግሞ አባቷ እንደ ድሮው ናቸው ማለት ነው። ከሁለቱ የትኛውን እንደምትመኝ ውስጧን ፈተሸች። የታዘዘው መድኃኒት ያለቀበት መደርደሪያ ይመስል ነበር፤ ምልክቱ ተለጥፏል፣ ዕቃው የለም።

ዳኛዋ የመጨረሻ ቃላቸውን እንዲያሰሙ ጠበቃውን ጋበዘች። ኮታቸውን ቆለፉ። ስለ ሰው ፊርማ ክብር ጀመሩ፤ ስለ ሕጉ አንቀጽ ቀጠሉ። ድምፃቸው እየሰፋ ሄደ፤ ለዚያ ጠባብ ክፍል አይሆንም ነበር። የምክር ቤቱን ዓምዶች ያህል ርቆ የተቀመጠን ሰው እንደሚያነጋግሩ ቀና አሉ።

«ስለዚህም፣ ክብርት አፈ ጉባኤ» አሉ።

ዳኛዋ ብዕሯን አቆመች። ባቡሩ ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ ተከለ።

«የቀረበው የውሳኔ ሐሳብ ደጋፊ አለው ወይ ተብሎ ይጠየቅልኝ።»

ጠበቃው ወደ ኋላ ዞረው ወንበሮቹን አንድ በአንድ አዩ። ከገዢዎቹ አንዱ የሚይዘው ጠፍቶት እጁን ኪሱ ከተተ። ከዚያ ዓይናቸው ከልጃቸው ላይ ደረሰ፤ ሳታስበው ተነሥታ ቆማ ነበር። ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ቀኝ እጃቸውን አወጡ።

«እኔ እደግፋለሁ።»

ዳኛዋ ወደ ፊት ጎንበስ አለች። ለስለስ ባለ ድምፅ፣ «አባቴ፣ የቀረበው ሐሳብ ምን እንደሆነ ያውቁታል?» አለች።

«እንዴት አላውቅም። አንድ ሽማግሌ ከእንግዲህ አይፈርም የሚል ነው። መጥፎ ሐሳብ ነው፤ ድምፅ ሲሰጥ እቃወመዋለሁ። ነገር ግን ደጋፊ አጥቶ አይወድቅም። ልጅቷን አታዩአትም? ብቻዋን ቆማለች።»

እጃቸውን አላወረዱም። ዳኛዋ ተመዝግቧል እስክትላቸው ድረስ እንዳወጡት ቆዩ።

ውሳኔው ከአጭር ዕረፍት በኋላ ተነበበ። አቤቱታው ተቀባይነት አገኘ፤ ሞግዚቷ ልጃቸው ሆነች። ባቡሩ እንኳን ደስ አለሽ ሊል አፉን ከፈተና ተወው። ይልቅ የጠበቃውን ቦርሳ እንደ ረዳትነቱ ዘመን አንሥቶ ቀድሟቸው ወጣ።

መዝገብ ቤት የውሳኔውን ግልባጭ ለመውሰድ መፈረም ያስፈልግ ነበር። ሠራተኛው የት ላይ እንደሚፈረም በጣቱ አሳየ። ጠበቃው ከደረት ኪሳቸው ብዕራቸውን አውጥተው፣ ክዳኑን ነቅለው ጎንበስ አሉ። ሠራተኛው ወረቀቱን ወደ ልጅቷ ሳብ አደረገው። ጠበቃው ወረቀቱን አዩ፤ ሠራተኛውን አዩ፤ ብዕሩን ወደ እሷ ዘረጉት። ተቀብላ ፈረመች። ብዕሩ ሞቆ ነበር።

በኮሪደሩ ሲሄዱ፣ «አለፈ?» አሏት።

«አለፈ፣ አባዬ።»

«ጥሩ አድርገሽ አቅርበሽው ነው። የእኔ ተቃውሞ ተመዝግቧል?»

ሳታይ ተመዝግቧል ልትላቸው ነበር፤ ስብሰባው ተላልፏል እንደምትለው። ቆመችና ግልባጩን ገለጠች። በመጨረሻው ገጽ፣ ከዳኛዋ ፊርማ በላይ ተጽፏል፤ ተጠሪው አቤቱታው እንዲታይ ደግፈው፣ ውሳኔውን ተቃውመዋል።

አነበበችላቸው። እንደገና እንድታነብላቸው ጠየቁ። ሁለተኛውን ጊዜ ስታነብ ድምፅዋ መሐል ላይ ተቋረጠ፤ ከምን እንደሆነ ሳታውቅ ጉሮሮዋን ጠርጋ እስከ መጨረሻው አነበበችው። ብዕሩን ኪሳቸው ውስጥ መልሳ ሰካችላቸው።