ድምጿ የማይሰማ ሴት

«ድምጿ እኮ ከዚህ ደጃፍ ወጥቶ አያውቅም» አለች ጎረቤቷ፣ የቡና ስኒዋን ጉልበቷ ላይ አሳርፋ። «ይኼን ሁሉ ዘመን በአንድ አጥር ስንኖር፣ አንዴ እንኳ ጮክ ብላ ስትናገር አልሰማኋትም። እንዲህ ያለች ሴት ከእንግዲህ ከየት ትገኛለች?»

«የታደለ ባል!» አሉ ከማዶ የተቀመጡ ሽማግሌ።

የታደለው ባል ሶፋው ጥግ ላይ አንገቱን ደፍቶ ነበር። ጡረታ ከወጣ ቢቆይም ሰፈሩ ዛሬም «ዳይሬክተሩ» ይለዋል። ዕድሜውን ሙሉ ትምህርት ቤት ሲመራ ስለኖረ፣ ሐዘን ላይ ሆኖ እንኳ ሰው ሲገባ የሚያየው አርፍዶ የመጣ ተማሪ እንደሚያይ ነው። ሙገሳውን ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ።

ሴት ልጁ የስኒውን ትሪ እንደያዘች መሀል ላይ ቆማ ቀረች። እናቷ ከተቀበረች ጀምሮ የሚመጣው ለቀስተኛ ሁሉ ያንኑ ይደጋግመዋል፦ ዝምተኛ፣ ጨዋ፣ አፏን የሰበሰበች። ሰው ሲሞት የሚመሰገንበት አይታጣም፤ ለእናቷ የተገኘላት አለመሰማቷ ነበር።

በሩ ተንኳኳ። ሌላ ለቀስተኛ መስሏት ስትከፍት የሞተር ቆብ ያደረገ ዕቃ አድራሽ ቆሟል። ከጀርባዋ ጥቁር የለበሱትን ሰዎች ሲያይ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ይቅርታ እህቴ፣ ዕቃ ነበረሽ። እዚህ ጋ ፈርሚልኝ።»

የሰጣት ፖስታ ነው። ካርቶን እንኳ አይደለም፤ ጥጉ የተጣጠፈ ተራ ቡናማ ፖስታ። ስትቀበለው ውስጡ ተንኮሻኮሸ። የምትሠራው መነጽር ቤት ነው፤ እንዲህ ያለ ድምፅ ምን ማለት እንደሆነ ሳትከፍተው ገባት።

ነገሩ የተጀመረው ሆስፒታል ነው። እናቷ ከቀዶ ጥገና ወጥታ ማደንዘዣው ገና ሳይለቃት፣ ዓይኗን እንደጨፈነች ማንጎራጎር ጀመረች። ዜማው ወጣ፣ ወረደ፣ ተጠማዝዞ ተመለሰና ሳል አቋረጠው። አጠገቧ የተኛችው በሽተኛ «ሬዲዮ የከፈታችሁ መስሎኝ» አለች። ልጅቷ ግን ደነገጠች። እናቷ እሹሩሩ እንኳ ስትል ሰምታት አታውቅም። በሠርጓ ቀን ያ ሁሉ ሰው ሲዘፍን እናቷ ያጨበጨበችው ከንፈሯን ገጥማ ነበር።

በማግስቱ ስትጠይቃት እናቷ መጀመሪያ «የመድኃኒቱ ነው» ብላ ካደች። ኋላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ «ልጅ ሆኜ ሆቴል ውስጥ ከባንድ ጋር እዘፍን ነበር» አለች። «አንድ ሸክላም አስቀርጸውኛል። ያ የጥንቱ፣ እንደ ሳህን የሚሰበረው።»

«የት አለ ታዲያ?»

«የዳይሬክተር ሚስት ሸክላ ታቅፋ ትገባለች እንዴ?» ብላ ሳቀች፤ ስትስቅ ስፌቱ አመማት።

ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ምሳዋን እየበላች በስልኳ ኢንተርኔት ስትበረብር ከረመች። በመጨረሻ ሌላ ከተማ ያለ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ከለጠፋቸው ፎቶዎች መሀል፣ ከኩራዝና ከባለ እጀታ ስልክ አጠገብ፣ የእናቷ የልጅነት ስም የተጻፈበት ሸክላ አገኘች። ወዲያው ገዛችው። «በሁለት ጠንካራ ካርቶን መሀል አድርገው፤ ዙሪያውን ስፖንጅ ጠቅጥቅበት፤ በላዩ ‹ተሰባሪ› ብለህ ጻፍ» ብላ ለመነችው። «አታስቢ እህቴ፣ እንጀራዬ ነው» አላት።

እናቷ በየቀኑ «ደረሰ?» ትል ነበር። «ይምጣና ልፈር» ትልና መልሳ «ደረሰ?»። ኋላ መናገር ሲያቅታት በቅንድቧ ነበር የምትጠይቀው። ልጅቷም ስልኳን አየት አድርጋ «መንገድ ላይ ነው፣ እማዬ» ትላታለች። መንገድ ላይ እንዳለ እናቷ ቀደመችው።

ፖስታውን ይዛ መኝታ ቤት ገባች። የእናቷ ታናሽ እህት ፊቷን አይታ ተከተለቻት። ሸክላው የተጠቀለለው በአንድ ፌስታል ነው። ልጅቷ ስትፈታው ስብርባሪው አንሶላው ላይ ዝርግፍ አለ። ስሙ ያለበት ክብ ወረቀት ለሁለት ተከፍሏል።

«እሷ ናት!» አለች አክስቷ፣ ስሙን በጣቷ እየነካች። «ሲቀርጿት ጫማዋን የያዝኩላት እኔ ነኝ። ተረከዙ ወለሉን እንዳያንኳኳ ብላ በባዶ እግሯ ነው የዘፈነችው።»

«ዜማው ትዝ ይልሻል፣ እትዬ?»

«እንዴት አይለኝም!» ጉሮሮዋን ጠራርጋ ጀመረች። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ግን ሳታስበው ሌላ ዘፈን ውስጥ ገባች፤ ማንም የሚያውቀው የሠርግ ዘፈን። ቆመች። እንደገና ጀመረች፤ እንደገና እዚያው ሠርግ ቤት ገባች። «ነበረ እኮ... እዚህ ጋ ነበረ» አለችና በሻርፗ አፏን ሸፈነች።

ልጅቷ ስልኳን አንስታ ነጋዴው ጋ ደወለች።

«ተሰብሯል።»

«አድራሾቹ ናቸዋ! እነሱ ይወረውሩታል፣ እኛ እንሰደባለን።»

«በፌስታል ጠቅልለህ በፖስታ ነው የላክኸው። ለምኜህ አልነበረም?»

«እህቴ፣ አሮጌ ዕቃ እኮ ነው፤ ዝም ብሎም ይሰነጠቃል። ገንዘብሽን እመልሳለሁ። ሰባራውንም አልፈልገውም፣ እዛው ጣይው።»

ስድቡ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው። «ሰምተኸዋል?»

«ምኑን?»

«ዘፈኑን። ከመላክህ በፊት አጫውተኸዋል?»

«ይሠራል አይሠራም ብዬ ሞክሬዋለሁ። ጥሩ አድርጎ ይሠራ ነበር።»

«እንዴት ነው ዜማው? ምን ትላለች?»

«እውነቱን ልንገርሽ፣ ደንበኛ እያነጋገርኩ ነበር። ድምጿ ኃይለኛ ነው። አላስወራ ስትለኝ ቀነስኩት።»

ስልኩን ዘጋችው።

ቀና ስትል አባቷ በሩ ላይ ቆሟል። ምን ያህል እንደሰማ አላወቀችም። አልጋው ላይ ያለውን ሲያይ ግን ምንነቱን መጠየቅ አላስፈለገውም።

«ታውቀዋለህ» አለችው።

«አውቀዋለሁ።»

«ሳሎን ተቀምጠህ ‹ድምጿ የማይሰማ› ሲሉልህ ራስህን ትነቀንቃለህ። ዝም ያሰኘሃት አንተ አይደለህም?»

«ተይ ልጄ» አለች አክስቷ። «ሐዘንተኛ ነው።»

«እኔስ ምንድን ነኝ?»

ዳይሬክተሩ መቃኑን ተደገፈ። «ዝም በይ አላልኳትም» አለ። «ሰው ፊት አትዝፈኚ ነው ያልኳት። ቤትሽ ውስጥ እስኪበቃሽ ዝፈኚ፣ ማን ይከለክልሻል አልኳት። አንድ ቀን እንኳ አልዘፈነችም። ኩርፊያ መስሎኝ ያልፍላታል ብዬ ጠበቅኩ። ብቻዋን ስትሆን ትል እንደሆነ ብዬ፣ ከሥራ ቀደም ብዬ እየመጣሁ በር ላይ እቆም ነበር። የድስት ክዳን ነው የምሰማው። ዝፈኚልኝ እንዳልላት ደግሞ አፈርኩ።»

«እስከ መጨረሻው?»

«እስከ መጨረሻው።»

ልታዝንለት አልፈለገችም። ለእናቷ ቂም የያዘላት ሰው ቢኖር እሷ ብቻ ናት፤ እሷም ከለቀቀችው ማን ይቀራል?

«እኔ ሰምቻታለሁ» አለችው፣ እንዲያመው ብላ። «ሆስፒታል። አንተ ቡና ልትጠጣ ወርደህ ነበር።»

አመመው። መጥቶ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ከስብርባሪው ትልቁን መርጦ አነሳ። ልጅቷ ልትቀማው እጇን ዘረጋች። እሱ ግን አላያትም። የአውራ ጣቱን ጥፍር ሸክላው ላይ ድምፁ ከተቀረጸባቸው ቀጫጭን መስመሮች በአንዱ አስገብቶ በቀስታ ጎተተው። አይጥ ወረቀት ስትቧጥጥ የሚመስል ድምፅ ወጣ። ሸክላውን ወደ ጆሮው አስጠግቶ እንደገና ጎተተው።

ከሳሎን ወሬው፣ የስኒው ኳኳታ፣ የአንድ ሰው ሳል ይመጣል።

ልጅቷ የዘረጋችውን እጇን ሰበሰበች። ተነሥታ ሄደችና የመኝታ ቤቱን በር ከውስጥ ዘጋችው።