በ«ጀመርኩ» እና በ«ጨረስኩ» መካከል

«ለቅሶ ቤት ኮምፒውተር ይከፈታል?» አሉ ጋሽ ቶለሳ የመኝታ ቤቱ በር ላይ ቆመው።

ልዩ ቀና አላለችም። ደጅ የእድሩን ድንኳን ነፋስ ይመታዋል፤ ለቅሶ ደራሹ አግዳሚ ላይ ተደርድሮ ያንሾካሹካል። እናቷ ሠርካዲስ ትናንት ነው የተቀበረችው።

«የእማዬን መዝሙሮች እያወጣሁ ነው። ከሰዓት መዘምራኑ ሲመጡ ይዘምሯቸዋል።»

«እህቴ ከአገልግሎት ታግዳ ነው የሞተችው። እኔ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆኜ ይህ ነገር ፊቴ አይደረግም።»

«ለቅሶው የእሷ ነው፣ ጋሼ። ካገዷት ሽማግሌዎች አንዱ ደግሞ እርስዎ ነዎት።»

ጋሽ ቶለሳ በሩን ሳይዘጉት ሄዱ።

ሠርካዲስ የታገደችው የሚደበድባትን ባሏን ጥላ፣ ልጇን ይዛ ስለወጣች ነው። ሽማግሌዎቹ «ተመለሺ» አሏት፤ «አልመለስም» አለች። ከዚያ ወዲያ የምትዘምረው ሥራ ቦታዋ ብቻ ሆነ፤ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል፣ ችግኝ እያጠጣች። ስንኝ ሲመጣላት እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ በቴሌግራም ለልዩ ትልካለች። አንድ መስመር፣ ቆይታ ደግሞ ሌላ መስመር።

«‹ጀመርኩ› ካልኩሽ ‹ጨረስኩ› እስክልሽ ምንም አትጻፊልኝ» ብላታለች አንድ ቀን። «ዜማው ይጠፋብኛል።»

«ማን ሊዘምረው ነው ግን፣ እማዬ?»

«የነጠቁኝ ማይኩን ነው። አፌ አለ።»

ልዩ የእናቷን መልእክቶች በሙሉ ወደ አንድ ፋይል አውርዳቸዋለች። ሽንኩርት ግዢ፣ መብራት ሄደ፣ ታክሲ አጣሁ፤ በየመካከሉ መዝሙር። አንድ በአንድ ብትለቅም ሳምንትም አይበቃትም። ለኮምፒውተሩ ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት፣ ተርሚናሉን ከፍታ፣ በሁለቱ ቃላት መካከል ያለውን እንዲያወጣ አዘዘችው። ከመጀመሪያው «ጀመርኩ» እስከ መጨረሻው «ጨረስኩ» ያለውን፣ ሽንኩርቱንም ታክሲውንም ጨምሮ ዘረገፈላት። ቃላቱ ስንቴ እንደተደጋገሙ አላስተዋለም፤ ዳርና ዳሩን ብቻ ነው የያዘው።

ትእዛዙን እንደገና ጻፈችው። አሁን መስመር በመስመር ያነባል፤ «ጀመርኩ» ሲያገኝ ማውጣት ይጀምራል፣ «ጨረስኩ» ሲያገኝ ያቆማል፣ ቀጣዩ «ጀመርኩ» እስኪመጣ ዝም ብሎ ያልፋል።

መዝሙሮቹ ተከታትለው ወረዱ። አጠገቧ የተቀመጠችው ጓደኛዋ ሀሌሉያ፣ ከመዘምራኑ አንዷ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አነበበች፦

*ያጠጣሁት ችግኝ ቅጠሉ ያጨበጭባል፣*
*ዝም ቢያሰኙኝ እንኳ ተራራው ይዘምራል።*

የመጨረሻው መዝሙር ላይ ግን ማሽኑ አልቆም አለ። ከጥቂት ስንኞች በኋላ «አንሶላ አምጪልኝ»፣ «ሐኪሙ ነገ ይመጣል»፣ «ምሳ በላሽ?» የሚሉትን የሆስፒታል መልእክቶች እንደ መዝሙር ቆጥሮ እስከ ፋይሉ ጫፍ ወሰዳቸው። ሠርካዲስ ያንን «ጨረስኩ» ሳትል ነው የሞተችው።

ልዩ «ምሳ በላሽ?» ላይ ዓይኗ ቀረ። ያን ቀን አልበላችም ነበር፤ «በልቻለሁ» ብላ ዋሽታታለች።

«ይሄኛው አላለቀም፤ እንተወው?» አለች ሀሌሉያ።

«አንተወውም። እስከደረሰችበት ድረስ ይዘመራል።»

ከሰዓት መዘምራኑ ልዩ በስልካቸው የላከችላቸውን ግጥም ይዘው፣ ዜማውንም ከእሷ ሰምተው ድንኳኑ ውስጥ ቆሙ። ገና ሁለት መስመር እንዳሉ ጋሽ ቶለሳ ብድግ አሉ።

«ይህን መዝሙር ማን ፈቀደ?»

መዘምራኑ ተያዩ፤ አንዳንዱ ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰ። የሀሌሉያ ድምፅ ብቻውን ቀረ፣ ግን አልቆመም።

ይሄኔ ከኋላ ሌላ ድምፅ ተነሣ። የሠርካዲስ የሥራ ባልደረባ ጸሐይ ናት። አጠገቧ ያሉት የችግኝ ጣቢያው ሴቶችም ተከተሏት። ስልክም ወረቀትም አልያዙም፤ ከሠርካዲስ ጋር ውሃ ሲቀዱ፣ አፈር ሲሞሉ ስንት ጊዜ የሰሙት ነው። መዘምራኑ ዞረው አዩአቸው። ከዚያ አንድ በአንድ ገቡበት፤ ድንኳኑ በዝማሬ ተሞላ። ጋሽ ቶለሳ ቆመው ቀሩ፤ ማንም ወደ እሳቸው አልዞረም።

በስተመጨረሻ ያላለቀው መዝሙር መጣ። ስንኞቹ አልቀው ሁሉም በአንዴ ዝም አለ። ጋሽ ቶለሳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«በሉ እንግዲህ፣ እንጸልይና...»

«ገና ነው» አለች ልዩ።

አፏን የሸፈነችበትን ጥቁር ነጠላ ወደ ትከሻዋ አወረደችና፣ በሻከረ ድምፅዋ ከመጀመሪያው ስንኝ አነሣችው።