የማይከፍተው በር የሌለው ቁልፍ

የቅርጻ ቅርጽ መናፈሻው «ቁልፍ» የሚል ርዕስ ሰጥቶ ቀራፂዎችን ሲያወዳድር፣ ሌሎቹ ሁሉ የበር ቁልፍ ሠርተው መጡ። የኛ ሰው ግን የኮት ቁልፍ ሠራ። አልተሳሳተም፤ ሆን ብሎ ነው። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የተዋወቁት የኮቱ ቁልፍ ተሸርፎ እንድትቀይርለት ሱቋ የገባ ዕለት ነው፤ የተሸረፈችውን እስከ ዛሬ በክር ቆርቆሮዋ ውስጥ አስቀምጣታለች። እሱ የማይሸጥ ብረቱን እየበየደ ሲኖር፣ ቤቱን በመርፌዋ ያቆመችው እሷ ናት። አንድ ጊዜ ብቻ፣ «ለሰው ሁሉ ሐውልት ስታቆም ለኔ የሚሆን ጠፋ?» ብላው ነበር። ነገሩ ከሆዱ አልወጣም።

እናም መዳፍ የማትሞላ የነሐስ ቁልፍ ሠራ፤ ከነአራት ቀዳዳዋ፣ ከነተሸረፈ ጠርዟ። አሸነፈች። ለሚስቱ ግን ምን እንደሠራ አልነገራትም። «መጋረጃው ሲገለጥ ታይዋለሽ» አላት። እሷም ኮቱን ተኩሳ አለበሰችውና ፊት ወንበር ላይ ሄዳ ተቀመጠች።

መጋረጃው ሲገለጥ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አወቀቻት። ቀራፂው በደስታ የሚሆነውን አጣ።

ከንቲባው ተነሡ። «ይህ ቁልፍ የማይከፍተው በር የለም!» አሉ። «አራቱ ቀዳዳዎች አራቱ ማዕዘናት ናቸው። የተሸረፈው ጠርዝ ያሳለፍነው መከራ ነው። ጥርስ የሌለውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ እኛ ማንንም አንነክስምና!» ጭብጨባው ቀለጠ። ከዚያ ወደ ቀራፂው ዞረው፣ «ተሳስቼ ይሆን?» አሉት። መቼም ትልቅ ሰው ይህን የሚጠይቀው አለመሳሳቱን ካረጋገጠ በኋላ ነው።

ቀራፂው ሚስቱን አየ፤ ከንቲባውን አየ፤ ካሜራውን አየ። «የኮት ቁልፍ ናት፣ የሚስቴ ናት» ቢል አለቀ።

«ልክ ነዎት፣ ክቡር ከንቲባ» አለ። «በተለይ ጠርዟ ላይ ብዙ አስቤበታለሁ። መከራ ናት።»

ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? ምናለበት ዝም ቢል! ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እየጨበጡ፣ እያቀፉ፣ ፎቶ እያነሡ ሲያዋክቡት የሚስቱ ወንበር መቼ ባዶ እንደሆነ እንኳ አላየም።

አመሻሹ ላይ ቤቱ ሲደርስ በሩ ከውስጥ ተቆልፏል። አንኳኳ።

«ማነው?»

«እኔ ነኛ! ክፈችልኝ እንጂ።»

«ቁልፍ የለህም እንዴ?»

«ከውስጥ ቀርቅረሽው በምን ልክፈተው?»

የስፌት መኪናዋ ድምፅ ቆመ። ኮቴዋ ወደ በሩ ቀረበ። ከበሩ ሥር አንዲት ትንሽ ነገር ሾልካ ወጥታ ጫማው ጋ ቆመች፤ ያቺው የተሸረፈች የኮት ቁልፍ።

«እንካ መከራህን» አለችው ሚስቱ። «ክፈትበት። የማይከፍተው በር የለም።»