አሲያና የኩይሳው እባብ

ኤፍሬም ከዩኒቨርሲቲ ወደ ቆቦ የመጣው በራያ ቆላ ያሉትን እባቦች፣ እንሽላሊቶችና ኤሊዎች ፈልጎ ፎቶ ሊያነሳና ሊመዘግብ ነው። ቆቦ አጠገብ ባለችው ሮቢት ከአውቶቡስ ወርዶ አገሩን የሚያውቅ መሪ ሲያፈላልግ፣ የጠየቃቸው ሦስት ሰዎች አንድ ስም ሰጡት፤ አሲያ። አንደኛው፣ እባብ ሳያያት በፊት እሷ ታየዋለች ሲል ጨመረበት።

አሲያ አርባ ስምንት ዓመቷ ነው። በጎሊና ወንዝ ዳርና በማሽላ ማሳዎች ድንበር ላይ ሣር እያጨደች ቆቦ ላሉ ከብት አድላቢዎች ትሸጣለች። ኤፍሬም የመጣበትን ሲነግራት አልሳቀችበትም። ስንት ቀን እንደሚቆይ ጠየቀችው፣ ከዚያ ጫማውን አየች። ቁርጭምጭሚቱን የሚሸፍን መሆኑን ካረጋገጠች በኋላ በማግስቱ ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ወንዙ ዳር እንዲጠብቃት ነገረችው።

በመጀመሪያው ቀን ብቻ ዘጠኝ ዓይነት አሳየችው። አሸዋው ላይ እየተጠማዘዘ የሄደው ፈለግ የቀጭን እባብ፣ እንደ ገመድ ቀጥ ብሎ የተጎተተው የእፉኝት፣ ግራና ቀኙ የጥፍር ምልክት ኖሮት መሃሉ በጅራት የተሰመረው ደግሞ የአርጃኖ መሆኑን እርምጃዋን ሳታቆም ትነግረው ነበር። አንድ ግራር ሥር ስትደርስ ግን ክንዱን ይዛ አቆመችውና በማጭዷ ጫፍ ወደ ረገፈው ቅጠል ጠቆመች። ኤፍሬም ሁለተኛ ዲግሪውን የሠራው በእባቦች ላይ ነው። ያም ሆኖ እፉኝቱን ለማየት ሁለት ጊዜ እንድትጠቁመው ግድ ሆነበት።

በሁለተኛው ቀን፣ ፀሐዩ ሲበረታ ጥላ ሥር አረፉ። ይህን ሁሉ ከማን እንደተማረች ጠየቃት። እሷም ነገረችው።

ባሏ በድረዲን የሞተው ከአስራ አንድ ዓመት በፊት፣ በኅዳር ነው። የታላቅ ወንድሙን የሙሀመድሰይድን ማሽላ ሲያጭዱ አንድ ነዶ በእጁ ሲያነሳ ከሥሩ የነበረ እባብ ነደፈው። እባቡ የት እንደገባ ማንም አላየም። ሙሀመድሰይድ ወንድሙን በቃሬዛ አሸክሞ ሩቅ መንደር ወዳለ መድኃኒት አዋቂ ወሰደው፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ አረፈ። ሰው ሁሉ እፉኝት ነው ብሎ ደመደመ። አሲያ ግን እስከ መጨረሻው የተነደፈውን እጁን ይዛ ነበርና እጁ እንዳላበጠ ታውቃለች። በዓመቱ አንዲት ጎረቤቷን እፉኝት ነድፏት እግሯ እስከ ጭኗ ሲያብጥ ስታይ ደግሞ እርግጠኛ ሆነች። ከዚያ ወዲህ ሣር በምታጭድበት ሁሉ እባብ ስትፈልግ ኖረች።

«ልገድለው ብዬ አይደለም» አለችው። «የትኛው እንደሆነ ልወቅ ብዬ ነው።»

ኤፍሬም ደብተሩን አጠፈ። በድረዲን ከመሞቱ በፊት ምን ምን እንደሆነ በዝግታ ጠየቃት። የዓይኑ ሽፋን መውደቁን፣ ምላሱ መተሳሰሩን፣ ምራቁን መዋጥ አለመቻሉንና ትንፋሹ እያጠረ መሄዱን ነገረችው። ልቡናው ግን አልሳተም፤ ስትጠራው እጇን ይጨብጥ ነበር። ኤፍሬም ስልኩን ከፍቶ አንገቱን ያሰፋ የኮብራ ፎቶ አሳያት። የእፉኝት መርዝ ሥጋ እንደሚያሳብጥ፣ የዚህኛው ግን ትንፋሽ እንደሚያስቆም አስረዳት።

አሲያ ፎቶውን ብዙ ጊዜ ወስዳ አየችው። በአስራ አንድ ዓመት ፍለጋ ገጥሟት አያውቅም። የት እንደሚያድር ስትጠይቀው፣ አሮጌ ኩይሳና የአይጥ ጉድጓድ እንደሚወድ ነገራት።  ኩይሳ ያለበትን አንድ ማሳ ታውቃለች። እግሯ ካልረገጠው አስራ አንድ ዓመት የሆነው እሱ ብቻ ነው።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ከሙሀመድሰይድ ማሳ ደረሱ። ማሽላው ለአጨዳ ደርሷል። ኩይሳው በማሳው መሃል ነበር፤ ከሰው ቁመት ይበልጣል፣ አንድ ጎኑ ተንዷል። አሲያ ከፊት ሆና እየረገጠችው የምትሄደውን መሬት ታያለች። አሥር እርምጃ ሲቀራት ቆመች። ከተናደው አፈር አጠገብ ቡናማ ገላ ተጠቅልሎ ፀሐይ ይሞቃል።

እባቡ አያቸውና ቀና አለ። ከመሬት እስከ ጉልበቷ ድረስ ተነስቶ አንገቱን ዘረጋ። ኤፍሬም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ ኋላ እንድትመለስ ለመናት። አልተመለሰችም፤ አልቀረበችም። ይህን ቀን ስታስበው ንዴት ወይም ለቅሶ ይመጣብኛል ብላ ነበር። የመጣላት ግን ሌላ ነው፤ ደረቷ ውስጥ ለዓመታት ተጨብጦ የኖረ ነገር ሲፈታ ተሰማት። እባቡም ሰው አልተከተለም። ጥቂት ቆይቶ አንገቱን ሰበሰበና ወደ ጉድጓዱ ገባ።

«ይህ ራሱ ነው ማለት አይቻልም» አለ ኤፍሬም። «ከዓይነቱ ግን ነው።»

«ዓይነቱ ይበቃኛል» አለችው።

ሙሀመድሰይድ ወሬውን እንደሰማ ኩይሳውን በጋዝ አቃጥዬ አስቆፍራለሁ ብሎ ተነሳ። ስድሳ ያለፈው፣ ቃሉ የሚከበር ሰው ነው። አሲያ ፊት ለፊቱ ቆማ ተከራከረችው። እባቡ ከጉድጓዱ ከተባረረ መሸሸጊያው የታጨደው አገዳ ሥር እንደሚሆን፣ ያ ደግሞ የሰው እጅ የሚገባበት ቦታ መሆኑን አስረዳችው። ኩይሳው ዙሪያ ሃያ እርምጃ ያህል ሳይታጨድ እንዲቆይ፣ ነዶም በእጅ ሳይሆን በመንሽ እንዲነሳ ነገረችው። ሙሀመድሰይድ ወደ ኤፍሬም ዞረ። ኤፍሬም እሷ ካለችው የምጨምረው የለኝም አለ።

አጨዳው በዚሁ ዓይነት ተጀመረ። ኤፍሬም ለምዝገባው ወንዝ ዳር ሲውል፣ አሲያ በየጠዋቱ አጫጆቹን ሰብስባ እሱ የሰጣትን የእባቡን ፎቶ ታሳያለች፤ የተነደፈ ሰው ምን እንደሚሆንና ምን እንደሚደረግለት ከእሱ የተማረችውን ትናገራለች። ሦስት ቀን ያለ ችግር አለፈ። በአራተኛው ቀን ከዋጃ የመጣ ረዲ የሚባል ወጣት አጫጅ ውሃ ጠማውና አገዳ ሥር ጥላ ውስጥ ያስቀመጠውን ጀሪካን ሊያወጣ እጁን ሰደደ። ወዲያው ጮኸ።

አሲያ ስትደርስ የጥርሱ ምልክት አውራ ጣቱ ሥር ይታያል። አስተኛችው፣ እንዳይንቀሳቀስ አዘዘችው፣ እጁን በነጠላዋ ከእንጨት ጋር አስደግፋ አሰረችው። አንዱ ቁስሉን በምላጭ ልብጣ ሲል ከለከለችው። ሙሀመድሰይድ ግን ቃሬዛ እንዲመጣ አዝዞ ነበር፤ የድሮው መድኃኒት አዋቂ ዛሬም በሕይወት አለ።

አሲያ ቀና ብላ አየችው።

«ያኔ ዝም ብዬ ተከተልኩህ» አለችው። «ዛሬ አልከተልህም። ይህ ልጅ ከአንድ ሰዓት በኋላ የሚያስፈልገው ትንፋሽ የሚሰጠው ሰው ነው። ያ ሰው ቆቦ ነው ያለው።»

ሙሀመድሰይድ ቃሬዛው እንዲቀር አደረገ። ከዚያ ራሱ ወደ አስፋልቱ ሮጠና ባጃጅ አስቁሞ መጣ።

መንገድ ላይ የረዲ የዓይን ሽፋን መውረድ ጀመረ። አሲያ በጎኑ አስተኝታው ምራቁ በአፉ እንዲወርድ አደረገች፤ ስሙንም እየጠራች እጇን እንዲጨብጥ ጠየቀችው። ጨበጠ። ሆስፒታል ሲደርሱ የተነደፈበትን ሰዓት፣ እጁ አለማበጡን፣ ዓይኑ መቼ መውደቅ እንደጀመረ ለሐኪሙ አንድ በአንድ ተናገረች። ሐኪሙ ሁለቴ አልጠየቃትም። ማታውን ትንፋሹ ሲደክም በመሣሪያ አስተነፈሱት፤ የመርዝ ማርከሻውም ተሰጠው።

አሲያና ሙሀመድሰይድ ኮሪደሩ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነጋ። ሱብሒ ከሰገዱ በኋላ ሙሀመድሰይድ መሬት መሬት እያየ ተናገረ።

«ወንድሜን ወደ ሞቱ ይዤው የሄድኩት እኔ ነኝ።»

 አሲያ በአንድ ወቅት ይህን ሲናገር ለመስማት ብዙ ነገር በሰጠች ነበር።

«አላወቅክም» አለችው። «እኔም አላወቅኩም። ብናውቅ ኖሮ ስለምትወደው ቆቦ ትወስደው ነበር።»

ሽማግሌው በጋቢው ፊቱን ሸፈነ። እሷም እስኪበቃው ድረስ አጠገቡ ተቀመጠች።

ረዲ በሁለተኛው ቀን ዓይኑን ገለጠ፤ በሦስተኛው ቀን እንጀራ በወጥ ጠየቀ። አጫጆቹ አልሃምዱሊላህ አሉና የቀረውን ማሽላ አጭደው ጨረሱ። ኩይሳውን የነካ ሰው የለም።

ኤፍሬም የቆላውን ዝርዝር ሲያጠናቅቅ ሃያ ሦስት ዓይነት መዝግቦ ነበር፤ ከያንዳንዱ ጎን ያገኘው ሰው ስም በሚሰፍርበት ቦታ አሥራ ዘጠኙ ላይ አሲያ በድረዲን ብሎ ጻፈ። የባሏን ስም እንዲያስገባ የጠየቀችው ራሷ ናት። ሊሰናበታት ሲመጣ ማጭዷን እየሳለች አገኛት። ከዋጃ በላይ፣ ዝናብ ሲጥል ብቻ የምትወጣ ትልቅ ኤሊ እንዳለች ሰምታለች፤ ለበልግ ከተመለሰ አብረው እንደሚያገኟት ምንም ጥርጣሬ አልነበራትም።