«ችግር የለም» የሚለው ማህተም

ካዋሳኪ የሚሉት ትኩሳት የሦስት ዓመቷን ናጊን ከለቀቃት ስምንት ሳምንት ሆኗል። የቀላው ከንፈሯ ተመልሷል፤ የተላጠው የጣቷ ጫፍም አዲስ ቆዳ አውጥቷል። የቀረው ልቧ ነው። በሽታው ልብን የሚመግቡትን የደም ሥሮች አሳብጦ ሊሄድ ይችላል። ዛሬ በአልትራሳውንድ ታይተው ደህና ከሆኑ፣ ደሟ እንዳይረጋ የምትወስደው አስፕሪን ይቆማል። አብጠው ሳለ ከቆመ ግን ልጅቷ እየተጫወተች በድንገት ልትሞት ትችላለች።

ናጊ አልጋው ላይ ተወራጨች፣ አለቀሰች። ሠላሳ ዓመት ልብ በአልትራሳውንድ ስትመረምር የኖረችው ባለሙያ ቺካጌ ዘፈነችላት፣ አባበለቻት። የቀኙ ሥር ታየ፤ የግራው አልታየም።

«ዶክተር፣ ግራውን አላየሁትም። ትንሽ ይጠብቁኝ።»

ዶክተር ሺባሃራ ከወረቀቱ ቀና እንኳ አላለም። «ባለፈው ደህና ነበር አይደል? ስድስት ልጅ እየጠበቀ ነው። ማህተሙን ምቺ።»

«ያላየሁትን?»

«ችግር ካልታየ የለም ማለት ነው። አታካብጂ እንጂ፣ ቺካጌ!» ሳቀና ማህተሙን ራሱ መታው። «ችግር የለም» ይላል፣ በቀይ።

የልጅቷ እናት ሚትሱኖ ሦስት ጊዜ ጎንበስ ብላ አመሰገነችው። በሬ ካራጁ ይውላል ማለት ይኸው ነው።

ቺካጌ የልጅቷን ማህደር ገለጠችው። በቀደሙት ምርመራዎች ተረኛዋ መርማሪ ሌላ ነበረች። ሦስት ቀይ ማህተም አለ፤ የግራው ሥር ምስል ግን አንድም የለም! «ባለፈው ደህና ነበር» ያለው ይህንን ኖሯል። አንዱ ማህተም ለሌላው እየመሰከረ፣ የልጅቷን ልብ በሙሉ ያየ ሰው አልነበረም።

ሮጣ መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ደረሰችባቸው።

«ሚትሱኖ፣ አስፕሪኑን እንዳታቆሚ። ተመለሺ።»

«ዶክተሩ ጨርሰናል አሉ እኮ። ማስቸገር ይሆንብናል…»

«የምቸገረው እኔ ነኝ። ምሳዋን አብያትና አዝለሽ አስተኚያት።»

ናጊ የሩዝ ድብልብሏን በልታ እናቷ ጀርባ ላይ አሸለበች። ቀስ ብለው አስተኟት። ቺካጌ መመርመሪያውን የልጅቷ ደረት ላይ አሳረፈች፤ የግራው ሥር ወለል ብሎ ታየ። ሁለት ሚሊሜትር መሆን የሚገባው ስድስት ሆኖ አብጧል። ደግማ ለካችው፤ ያው ነው።

ዶክተሩ ተጠርቶ መጣ። ምስሉን አየ።

«አስፕሪኑ አይቆምም» አለች ቺካጌ ለእናትየው። «ሥሩ አብጧል።»

ሚትሱኖ ፊቷ አመድ መሰለ። እንደለመደችው ግን ወደ ዶክተሩ ጎንበስ ማለት ጀመረች። «ይቅርታ ዶክተር፣ በምሳ ሰዓትዎ አስቸገርንዎት።»

ቺካጌ ትከሻዋን ያዘቻት።

«ቀና በይ! ምን አጠፋሽና?» ከዚያ አሥር ዓመት ሙሉ «እርስዎ» ስትለው ወደኖረችው ሰው ዞረች። «አንተ ጎንበስ በል።»

ዶክተሩ በተኛችው ልጅና በእናቷ ፊት ጎንበስ አለ፤ ለረጅም ጊዜም ቀና አላለም።